ስለ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ኮንሰርት፤ ለመድረክ ልጆች

በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲና፣ በሸዋ ሮቢት ሞንታርቦ ስትሸከሙና ኬብል ስትጠቀልሉ የማያችሁ ልጆች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ዘፋኝ መሆን የምትፈልጉም አንብቡት፤ አይጎዳችሁም። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ከመድረክ ኋላ ነው። ከቀበሌ ኪነት ቡድን ጀምሬ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ድምፅ ስቆጣጠር ኖሬያለሁ። በዚህ ሙያ ሰው የሚያስታውስህ ማይኩ ሲያፏጭ ብቻ ነው። ያኔ ሁሉም ዞሮ ያፈጥብሃል።

«ጋሼ፣ ከተመለከቱት ኮንሰርት ሁሉ ትልቁ የትኛው ነው?» ትሉኛላችሁ። መልሴ ያስቃችኋል። በቪዲዮ ካሴት ያየሁት ነው። ላይቭ ኤይድ ይባላል።

ሐምሌ 6 ቀን 1977 ቅዳሜ ነበር። ለንደን ውስጥ ዌምብሌይ ስታዲየም 72,000 ሰው ገባ። አሜሪካ ደግሞ ፊላደልፊያ፣ ጆን ኤፍ ኬኔዲ ስታዲየም 90,000 ገደማ ሰው ተሰበሰበ። ሁለቱን በሳተላይት አያይዘው 16 ሰዓት ያህል ሲዘፈን ዋለ፣ አመሸ። ከ1 ቢሊዮን በላይ ሰው በቴሌቪዥን አይቶታል ይባላል። ማን እንደቆጠረው እንጃ። ትልቅ እንደነበር ግን አያጠራጥርም።

የተዘፈነው ለእኛ ነው። ለሰባ ሰባቱ ረሃብ። በዚያው ዓመት ጥቅምት 13 ቀን የቢቢሲው ማይክል በርክ ከኮረም ያቀረበው ዘገባ ዓለምን አስደነገጠ። ምስሉን የቀረጸው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነው። ቦብ ጌልዶፍ የሚባል አየርላንዳዊ ዘፋኝ ያንን አይቶ አላስችለው አለ። ከሙዚቀኛው ሚጅ ዩር ጋር ሆኖ የእንግሊዝ ዘፋኞችን «ባንድ ኤይድ» በሚል ስም ሰብስቦ አንድ ዘፈን አስቀረጸ። ከዚያ ቀጥሎ ነው ይህ ኮንሰርት የመጣው።

እኛስ? ጴጥሮስ ወጳውሎስ ባለፈ በማግስቱ፣ የሥላሴ ዋዜማ ላይ ነበርን። ዌምብሌይ ሲጀመር በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። የደብረ ብርሃንን ሐምሌ ታውቁታላችሁ፤ ዝናብ፣ ጭቃ፣ አጥንት የሚገባ ብርድ። ማታ ኩዊን የተባለው ባንድ መድረክ ላይ ሲወጣ በእኛ ከምሽቱ 2፡41 ነበር። ለደብረ ብርሃን ሥላሴ ያ ሌሊት የማኅሌት ሌሊት ነው። ከበሮና ጸናጽል እንጂ የጊታር ወሬ አልደረሰንም። መንዝና ግሼም፣ ይፋትና ጥሙጋም ያ ክፉ ቀን አልማራቸውም። ከወሎ በኩል በአጣዬና በሸዋ ሮቢት አድርጎ ልጁን አዝሎ የሚመጣው ሰው ብዙ ነበር። እነዚህ ሰዎች ለእነሱ እንደተዘፈነ እንኳ አያውቁም።

ካሴቱ እጄ የገባው ዓመታት ቆይቶ ነው። አንድ ቪዲዮ ቤት ውስጥ፣ ሻይ እየጠጣን አየነው። ጓደኞቼ ዘፋኞቹን ያያሉ፣ እኔ ወለሉን። የሙያ ነገር ሆኖ ዓይኔ ገመድ ላይ ነው የሚያርፈው።

ዌምብሌይ ላይ መድረኩ ይሽከረከር ነበር። ለሦስት ተከፍሏል። አንዱ ባንድ ፊት ለፊት ሲጫወት ተረኛው ከኋላ ዕቃውን ይተክላል፣ የጨረሰው ይነቅላል። ለአንድ ባንድ የተሰጠው 20 ደቂቃ ያህል ነው። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ መብራትም ነበር። ቀይ ከበራ አበቃ። የዓለም ኮከብም ብትሆን ትወርዳለህ።

እኛ ጋ 8 ሰዓት የተባለ ዝግጅት 10 ሰዓት ይጀመራል። «የሐበሻ ቀጠሮ» ብለን ስቀን እናልፈዋለን። ሕዝቡ ጋቢውን ተከናንቦ ይንቀጠቀጣል። በኋላ ሰዓቱ ሲጣበብ የሚቆረጠው የማን ዘፈን ነው? የዋናው ዘፋኝማ አይደለም። ከመንዝ ድረስ መጥቶ፣ አንድ ዘፈን ሊዘፍን ከጠዋት ጀምሮ የተቀመጠው የዚያ ልጅ ነው። ስንቱን እንደዚህ ሆኖ ሲመለስ አይቻለሁ። ሰዓት ማክበር ለትልቁ ሰው ምንም አይጨምርለትም። የሚያተርፈው ለትንሹ ነው። ስለዚህ አዘጋጅ ስትሆኑ በሰዓት ጉዳይ ጨክኑ። ይሉኝታ አይያዛችሁ።

ስለ ኩዊን ያልሰማ የለም። 21 ደቂቃ ገደማ ነው የተጫወቱት። ዘፋኛቸው ፍሬዲ መርኩሪ እጁን ሲያነሳ ስታዲየሙ በሙሉ እጁን ያነሳል። «ተሰጥኦ ነው» ትላላችሁ፣ ልክ ናችሁ። ግን ከዚያ በፊት ለንደን ውስጥ አንድ ቴአትር ቤት ገብተው፣ ሰዓት አስቀምጠው፣ የቱ ዘፈን የት ላይ እንደሚቆረጥ ሳይቀር ተለማምደው ነው የመጡት። በዚያው ዕለት ፊላደልፊያ ላይ ሌድ ዜፕሊን ወጣ። ከኩዊን የሚያንስ ስም አልነበራቸውም። ከበሮ መቺያቸው ጆን ቦናም ከሞተ በኋላ ተበትነው፣ ለዚያ ቀን ነበር የተሰባሰቡት። ልምምድ አልበቃቸውም። ፊል ኮሊንስ ዌምብሌይ ላይ ዘፍኖ፣ በኮንኮርድ ውቅያኖስ ተሻግሮ መጥቶ ነው ከበሮ ላይ የተቀመጠው። ጊታሩ አልተቃኘም፣ ድምፁ አልያዘም። ራሳቸውም አፈሩበት። በ1997 መጀመሪያ ላይ ኮንሰርቱ በዲቪዲ ሲወጣ የእኛ እንዳይገባ ብለው ከለከሉ። አንዳንዶቻችሁ «መድረክ ላይ ስወጣ ይመጣልኛል» ትላላችሁ። አይመጣላችሁም። ከእነዚያ በላይ ማን ነበር?

አሁን ደግሞ ሆዴን የሚበላኝ። ዌምብሌይ ሊዘጋ ሲል ፖል ማካርትኒ ፒያኖ ላይ ተቀምጦ መዝፈን ጀመረ። ማይኩ ግን ሞቷል። ሁለት ደቂቃ ያህል! ያ ሁሉ ዓለም እያየ። ሕዝቡ ዘፈኑን ተቀብሎ ዘፈነው፤ ሁሉም የሚያወራው ይህንን ነው። እኔ የማስበው የድምፅ ሠራተኞቹን ነው። ያንን ላብ አውቀዋለሁ። በብርድ መሀል ጀርባህ ላይ ይወርዳል።

አንድ የጥምቀት ሰሞን ዝግጅት ላይ እንዲሁ ማይክ ሞተብን። ዕቃው የተከራየ ነው። ገመዱን ከሚክሰሩ ጀምሬ በእጄ እየዳበስኩ ሄድኩ። ጃኩን፣ የገመዱን መሰኪያ፣ ፈታሁት። ውስጡ አንዲት ሽቦ ከብየዳዋ ተላቃለች፣ ከፀጉር አትወፍርም። በካውያ መልሼ በየድኳት፣ ድምፁ መጣ። አከራያችን «ዛሬ ጠዋት ሞክሬዋለሁ» ብሎ ማለ። የጠዋቱ ሙከራ በሬድዮ ጣቢያ ዘፈን ነበር፤ ማይኩን አልነካውም። ከዚያ ወዲህ ማንም ሞከርኩት ቢለኝ አላምንም። እናንተም አትመኑ። ሳታስቀይሙ፣ ግን አትመኑ።

ገንዘቡስ? ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰብስቧል ይባላል። ዶላር ግን አይበላም። እህሉ መርከብ ይፈልጋል፣ ወደብ ይፈልጋል፣ መኪና ይፈልጋል። ባንድ ኤይድ መርከብ መከራየትና የጭነት መኪና መግዛት ውስጥ የገባው ለዚህ ነው። የጣርማ በርን ጉም የምታውቁ ታውቁታላችሁ። እህል የጫነ መኪና ዋሻውን አልፎ፣ ያንን ቁልቁለት ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ ሾፌሩና ረዳቱ ምን ያህል እንደሚጨነቁ። ለእነሱ ማንም አላጨበጨበም። ኮንሰርቱ ያለ እነሱ ግን ዘፈን ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር።

አንድ የማልወደው ነገርም ጥሎብን አልፏል። ስታዲየሙ ውስጥ በትልቅ ስክሪን የታዩት የከሱ ሕፃናት ለብዙ ዓመት የኢትዮጵያ መታወቂያ ሆኑ። ከእነሱ አንዷ፣ ልትሞት ነው የተባለች የትግራይ ሕፃን፣ አድጋ በ1997 ለንደን በተካሄደው የላይቭ ኤይድ ተከታይ፣ ላይቭ ኤይት በተባለው ኮንሰርት መድረክ ላይ ቆማለች። ደስ ብሎኛል። የእኛም አርቲስቶች በ1980 «ሕዝብ ለሕዝብ» ብለው አውሮፓና አሜሪካ ዞረው አመስግነዋል፤ ባህላችንንም አሳይተዋል። ያ ግን የሕፃናቱን ምስል ያህል አልተወራም። ደብረ ብርሃን ዛሬም ተፈናቃይ አስጠግታለች፣ እናንተም የእርዳታ ኮንሰርት ታዘጋጃላችሁ፤ ጎበዞች። ፖስተር ላይ የምትለጥፉትን ፎቶ ግን መጀመሪያ ለባለፎቶው አሳዩት። እናትየዋ «ይሄንንማ አንሱልኝ» ካለች ይነሳ።

ስለ ፕሌይባክ፣ በተቀዳ ድምፅ አፍ እያንቀሳቀሱ ስለመዝፈን፣ ልጽፍ ነበር፣ ልተወው። ብጀምር አላቆምም።

ለሚቀጥለው ዝግጅት ግን ይኼን ያዙልኝ። ሳውንድ ቼክ ሕዝብ ከመግባቱ በፊት ይለቅ፤ እያንዳንዱን ማይክ የሚዘፍንበት ሰው ራሱ ይሞክረው። የደብረ ብርሃን ነፋስ ማይክ ውስጥ ገብቶ ስለሚያጉረመርም ስፖንጅ አልብሱት። መለዋወጫ ጃክና ኬብል መድረኩ ሥር ይቀመጥ፤ መኪና ውስጥ አይደለም። መብራት ይሄዳል ብላችሁ ተነሱ፤ ጀነሬተሩን ራቅ አድርጋችሁ ትከሉት። ናፍጣውን ደግሞ «ይበቃል» የሚላችሁን አትስሙ፣ ከፍታችሁ እዩት።