ፍፁም ንጉሥ እንከን የለሽ ንጉሥ ነው እንዴ?

ጥያቄ፦ መምህር ጤና ይስጥልኝ። ስለ ፈረንሳዩ ሉዊ 14ኛ አሳይመንት እየሰራሁ ነው፣ ያገኘሁት ሁሉ "ፍፁማዊ ዘውዳዊ አገዛዝ" ይላል። ፍፁም ማለት እንከን የሌለው አይደል እንዴ? "ፈላጭ ቆራጭ" ብዬ ብጽፍስ ስህተት ነው?

መልስ፦ እህቴ ጥያቄሽ ተመችቶኛል። "ፍፁም" ፈጸመ ከሚለው ነው የመጣው፣ ያለቀ የሞላ ማለት ነው፣ እንከን የለሽ የሚለው ትርጉም ከዛ ወዲህ የመጣ ነው። ኳስ ስናይ "ፍፁም ቅጣት ምት" እንል የለ? ቅጣቱ እንከን የለውም ማለታችን አይደለም እኮ። ንጉሡ ጋም እንደዛው ነው፣ ሰውየው ሳይሆን ስልጣኑ ነው ፍፁም የተባለው፣ ለማንም ያልተካፈለ ለማለት።

ነገሩ የሚጣፍጠው ግን የፈረንጁን ቃል ስታዪው ነው። አብሶሉት የሚሉት ከላቲን የመጣ ሆኖ መሰረቱ "የተፈታ" ነው፣ ቄሱ ካናዘዙሽ በኋላ "እግዚአብሔር ይፍታሽ" ሲሉ እንዳለው መፍታት ማለት ነው። የሮማ ሕግ ላይ ገዢው "ከሕግ የተፈታ ነው" የሚል አነጋገር ነበር፣ ፈረንሳዊው ዣን ቦዳን እ.ኤ.አ. በ1576 ስለ ሉዓላዊነት ሲጽፍ ይቺኑ ይዞ ንጉሥ ማንንም ሳያስፈቅድ ሕግ ያወጣል አለ፣ ግን ከእግዚአብሔር ሕግ አልተፈታም፣ የሰው ንብረትም ዝም ብሎ አይወስድም ብሏል። የኛ "ፈታ" ደግሞ በግዕዝ ፈትሐ ነው፣ ፈታም ፈረደም ማለት ነው፣ ፍትሕም ፍትሐ ነገሥትም ከዛው ሥር ናቸው። ከሕግ የተፈታውን ሰውዬና ፍርዱን አንድ ሥር ሲያገናኛቸው እኔን ሁሌ ይገርመኛል።

"ፈላጭ ቆራጭ" ስድብ ያለበት ቃል ስለሆነ አሳይመንት ላይ ባትጠቀሚው ይሻላል፣ ለሉዊም ልክ አይመጣም። በርግጥ በ1661 ዋና ሚኒስትሩ ካርዲናል ማዛራን ሲሞት ሉዊ ገና 22 ዓመቱ ነበር፣ ከዚህ በኋላ ዋና ሚኒስትር አልፈልግም ብሎ ራሱ ያዘው፣ አዋጆቹም "ፈቃዳችን ይህ ነውና" ብለው ነው የሚዘጉት። ግን አዋጁ የፓሪስ ፓርልማ መዝገብ ላይ መግባት አለበት (በስሙ እንዳትሸወጂ፣ ፓርላማ ሳይሆን ፍርድ ቤት ነው)፣ እዛ ያሉት ዳኞች ደግሞ ወንበራቸውን በገንዘብ የገዙ፣ ለልጅ የሚያወርሱ ሰዎች ናቸው፣ እንዲህ ያለውን ሰው ደስ ባለህ ሰዓት ብድግ አድርገህ አታባርረውም። በ1673 ሉዊ "መጀመሪያ መዝግቡ፣ ቅሬታችሁን ከዛ በኋላ አሰሙ" ብሎ አፋቸውን ያዘ እንጂ ፍርድ ቤቱን አላፈረሰውም።

"ፍፁማዊ" የሚለው ቃል ልክ የሚሆንበትን አገር ከፈለግሽ ዴንማርክ ናት። በ1665 በወጣው የንጉሥ ሕግ ንጉሡ ከሰው ሕግ ሁሉ በላይ ነው፣ በላዩ ያለው እግዚአብሔር ብቻ ነው ተብሎ ተጽፏል። ሆኖም የሉተራን እምነቱን መተው፣ አገሩን መከፋፈል፣ ስልጣኑንም ራሱ መቀነስ አይችልም፤ አስቢው፣ ከሕግ የተፈታውን ሰውዬ እንዳትታሰር ብሎ የሚያስረው ያው ሕግ ነው!

ስለዚህ "ፍፁማዊ ዘውዳዊ አገዛዝ"ን ያዢ፣ መጀመሪያ ላይ ብቻ "ከሰው ሕግ በላይ የሆነ" ብለሽ ግለጪው። "መንግሥት ማለት እኔ ነኝ" የሚለውን ግን ሉዊ አለ ብለሽ አትጥቀሺ፣ ማለቱን የሚያሳይ የዘመኑ ማስረጃ የለም። "ፍፁም" ወይስ "ፍጹም" ብለው ካስቸገሩሽ ደግሞ ፈጸመ በጸሎቱ ጸ ስለሆነ ዋናው "ፍጹም" ነው፣ እኔም ራሴ ስታይፕ ሌላኛው ነው የሚቀድመኝ።