«በሚመች ቀን» ብላችሁ አትፈርሙ፦ ልጅን ስለሚመለከቱ ጥያቄዎች

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ ስለ ፍቺና ስለ ልጅ ናቸው። የምመልሰው አዲስ አበባና ድሬዳዋ በሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ነው። ክልሎች የየራሳቸው ሕግ አላቸው።

ጥያቄ፦ ያለ ጠብ ተስማምተን ልንፋታ ነው። ስለ ልጆቹም ተስማምተናል። ዳኛው ለምን ይገባበታል? (ከገርጂ)

ስምምነታችሁ ላይ ልጆቹ አልፈረሙማ። በአንቀጽ 80 መሠረት ዳኛው ስምምነቱ የልጆቹን ደህንነት በበቂ ሁኔታ አያስጠብቅም ካለ፣ ፍቺውን ብቻ አጽድቆ ጉድለቱን ራሱ ሊያስተካክለው ይችላል። ደግሞ ብዙ ጊዜ ችግሩ ክፋት አይደለም፣ ድካም ነው። ሰው ቶሎ ለመገላገል «አባት በሚመች ቀን ልጆቹን ያያል» ብሎ ይፈርማል። ለማን የሚመች? እንዲህ ጻፉት፦ «በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት አባት ከእናት ቤት ይወስዳል፣ እሁድ ከቀኑ 11 ሰዓት ይመልሳል። ዘንድሮ ገናን ከእናት፣ ፋሲካን ከአባት፤ በዓመቱ ይቀያየራል።» የትምህርት ቤቱን፣ የዩኒፎርሙን፣ የሐኪሙን ወጪ ማን ይችላል? ቀለቡ ወር በገባ በስንተኛው ቀን፣ በማን አካውንት ይገባል? ይህን ሁሉ ስትዘረዝሩ የማትተማመኑ ሊመስል ይችላል። ይምሰል።

ጥያቄ፦ ልጄ 4 ዓመቷ ነው። ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ የእናት ነው አይደል?

ያ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። የአሁኑ ሕግ አልደገመውም፤ ሽማግሌዎች ግን ዛሬም ይጠቅሱታል። አሁን ፍርድ ቤት የሚያየው የወላጆችን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና አኗኗር፣ እንዲሁም የልጅቷን ዕድሜና ጥቅም ነው። ዕድሜዋ ይታያል፣ ብቻውን ግን አይወስንም።

ጥያቄ፦ ቀለብ ካቆመ አራት ወሩ። እኔም ልጁን አላሳየውም ብልስ?

ንዴትሽ ይገባኛል እህቴ፣ ግን እንዳታደርጊው። ቀለቡ ሌላ፣ ልጁን ማየት ሌላ። ሁለቱም የልጁ ናቸው። ፍርድ ቤት ያጸደቀው ስምምነት እንደ ፍርድ ይፈጸማልና የአፈጻጸም መዝገብ ክፈቺ። ደመወዝተኛ ከሆነ ለመሥሪያ ቤቱ ትእዛዝ ሊጻፍ ይችላል። በር ከዘጋሽበት ግን ችሎት ላይ የእሱ ውዝፍ ቀርቶ ያንቺ በር ወሬ ይሆናል። ጠበቃውም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ጥያቄ፦ በሽማግሌ ተለያይተናል፣ ፍርድ ቤት ምን ያደርግልናል?

ሽማግሌ ያስማማል እንጂ አያፋታም። ፍቺንም ውጤቱንም የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። ወረቀቱን ይዛችሁ ሂዱ፣ ይጽደቅ።

ጥያቄ፦ እህቴ ስትሞት ልጇን ከሕፃንነቷ ጀምሮ እኔ አሳደግኳት። አሁን አባቷ «አምጪ» አለኝ።

አባት መሆኑ ብቻውን አይበቃውም። የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት (የሥር ፍርድ ቤቶችን የሕግ ስህተት በመጨረሻ የሚያርመው) በመዝገብ ቁጥር 23632 የአንቺን የሚመስል ጉዳይ አይቶ ነበር። ሕገ መንግሥቱን (አንቀጽ 36) ጠቅሶ፣ የልጁ ጥቅም ይቀድማል ብሎ ካሳደገችው አክስቱ ጋር እንዲቆይ ወሰነ። የትምህርት ቤት ደረሰኞቿንና የክትባት ካርዷን አሁኑኑ ሰብስቢ።

ጥያቄ፦ ከሥራ ወጥቻለሁ። ቀለቡ ይቀነስልኛል? (ከድሬዳዋ)

አቅም ሲለወጥ መጠኑም ሊሻሻል ይችላል። ግን ዳኛው ሳይወስን በራስህ እንዳትቀንስ ወንድሜ፣ ውዝፍ ሆኖ ይቆይሃል። የሥራ መልቀቂያህን አያይዘህ ዛሬ ነገ ሳትል አመልክት።