የአያቴ ስም የአያቴ አልነበረም

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ከአሜሪካ ደወለችልኝ። «አባባ፣ የዘር ሐረጋችንን ላክልኝ፣ ለትምህርት ቤት ነው፣ እስከ ዓርብ ይድረስልኝ» አለች። ሳቄ መጣ። ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ ፈልጌ ያልጨረስኩትን ነገር እስከ ዓርብ! ግን ደስም አለኝ። በእሷ ዕድሜ ያላችሁ ልጆች አሁን አሁን ይህን ነገር መጠየቅ ጀምራችኋል፤ ስለዚህ ለእሷ የምነግራትን ለእናንተም ልጻፈው።

ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ጠበቃ ነበርኩ። አብዛኛው ሥራዬ የውርስ ክርክር ነበር። ማን የማን ልጅ ነው፣ ማን ከማን ቀድሞ ሞተ፣ ይቺ ሴት እህት ናት ወይስ አብራ ያደገች። እንጀራዬ ይኸው ነበር። የሰው ዘር ስቆጥር ኖሬ በራሴ ዘር ላይ የሠራሁትን ስሕተት ግን ስሙኝ።

አባቴ በ1983 ዓ.ም. ዐረፈ። ለአርባው ተዝካር አንድ ትልቅ ወረቀት ላይ የቤተሰባችንን ሐረግ ሥዬ አቀረብኩ። ኮራ ብዬ ነው እንግዲህ። ሰማንያውን ያለፈች አክስቴ ፊደል ስለማትለይ «አንብብልኝ» አለች። ከታች ጀምሬ ወደ ላይ ማንበብ ጀመርኩ። እኔ፣ አባቴ፣ ከዚያ አያቴ። እዚያ ላይ እጇን አነሣች። «እሱማ የኔ አባት ነው። ያንተ አያትማ ኅዳር የበላው ነው!» ድንኳኑ ጸጥ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እውነተኛው አያቴ ከቡልጋ ለሥራ አዲስ አበባ ወርዶ በ1911 ዓ.ም. በኅዳር በሽታ፣ ዓለምን ባዳረሰው በዚያ የጉንፋን ወረርሽኝ፣ አለቀ። ሕፃኑን አባቴን የአያቴ ታላቅ ወንድም ወሰደው፣ አሳደገው፣ ስሙንም ሰጠው። እኔ በመታወቂያዬ፣ በዲግሪዬ፣ በጥብቅና ፈቃዴ ላይ ሁሉ የያዝኩት የአያት ስም የአባቴ አጎት ስም ነው። ማንም አልዋሸኝም። ማንንም ጠይቄ አላውቅም እንጂ። አክስቴ የምላት ሴትም ለካ የአባቴ የአጎት ልጅ ናት።

ይበልጥ ያቃጠለኝ ምን መሰላችሁ? ማስረጃው በየዓመቱ ፊቴ ይቀመጥ ነበር። ኅዳር 12 ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ሰብስቦ «ኅዳር ሲታጠን» እያለ ጭሱን ሲለቀው፣ እኛ ቤት ጠላ ተጠምቆ ዳቦ ተደፍቶ ቄሱ ይመጣሉ። «ገብረ» ብሎ የሚጀምር አንድ ስም ጠርተው ነፍስ ይማር ይላሉ። የሩቅ ዘመድ ይመስለኝ ነበር። ለሞተ ሰው የሚጸለየው በክርስትና ስሙ እንደሆነ እያወቅሁ፣ ይህ ስም የማን ነው ብዬ አልጠየቅሁም። ዳቦዬን በልቼ ወደ እሳቱ እሮጥ ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ ወረቀት ጋ አትሂዱ። መጀመሪያ ቤት ውስጥ ካሉት አሮጊት ጋ ሂዱ፤ ዛሬ፣ ነገ ሳትሉ። ወረቀቱ የትም አይሄድም። ደግሞ በአገራችን ወረቀቱ ራሱ ስንት ነው? የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ የልደትና የሞት መዝገብ ይኑር ብሎ ነበር፤ ያ ክፍል ግን ሥራ ላይ ሳይውል ዘመናት አለፉ። በአገር ደረጃ ምዝገባው በወጉ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ክረምት ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ አብዛኛው ሰው የልደት ዘመኑ አንድም እናቱ የነገረችው፣ አንድም ጸሐፊው የገመተው ነው።

የአባቴ መታወቂያ 1911 ይላል። ቀበሌ ሄዶ «የኅዳር በሽታ ጊዜ ልጅ ነበርኩ» ብሎ ሳይሆን አይቀርም፤ ጸሐፊው ዘመኑን ያውቃል፣ 1911 ብሎ ጻፈ፣ አለቀ። አሁን ስሌቱን እዩልኝ። አባቴ ጳጉሜን 6 እንደተወለደ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፣ ልደቱ በአራት ዓመት አንዴ ነው እያልን እንስቅበት ነበር። ጳጉሜን 6 የምትኖረው በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ብቻ ነው። ዘመኑን ለማወቅ ደግሞ ባሕረ ሐሳብ መማር አያስፈልግም፦ ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩ፣ ለአራት አካፍሉ፣ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ። 1911 ሉቃስ ነው። ግን የ1911 ጳጉሜን የሚመጣው ከኅዳር በሽታው ዘጠኝ ወር በኋላ ነው! ያኔ አባቴ ገና አልተወለደም ማለት ይሆናል። አክስቴ ደግሞ መርዶው ሲመጣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች፣ የዓይን ምስክር ናት፦ «አባትህ ጡት ከጣለ ብዙም አልቆየ፣ ከግልገል ጋር ይሯሯጥ ነበር» አለችኝ። ከ1911 በፊት ያለው ሉቃስ 1907 ነው። ሦስት ዓመት ከሁለት ወር። ቁጭ አለ።

ማኅተም ያለው ወረቀት ተሳሳተ፣ ፊደል የማታውቅ ሴት ልክ ሆነች። ሁልጊዜ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም፣ አዛውንትም ያምታታሉ። ለዚህ ነው የጠበቃ ልማዴን የምመክራችሁ፤ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ማን እንደነገራችሁና ያ ሰው በዓይኑ አይቶ ይሁን የስሚ ስሚ ይሁን ጻፉ። ያላወቃችሁትን ባዶ ተዉት። ባዶ ቦታ ያናድዳል፣ አውቃለሁ፣ ግን በግምት የተሞላ ባዶ ከሃያ ዓመት በኋላ እውነት ሆኖ ቁጭ ይላል። የኔ ወረቀት ያንን ነበር የሆነው።

ወረቀት ስትፈልጉ ደግሞ ማኅደር ቤት ብቻ አትበሉ። እኔን እንደ እድር መዝገብ የረዳኝ ሰነድ የለም። ማን ሞተ፣ ስንት ቀን ተቀመጡ፣ ሐዘኑ የማን ቤት ነው፣ ሁሉም አለ። የዳዊት መጽሐፍ የሽፋን ውስጥ ገጽ እዩ፣ አባቶች የልጆቻቸውን ልደት እዚያ ይጽፉ ነበር። የፎቶ ጀርባ፣ የጡረታ ፋይል፣ የክርስትና አባትና እናት። አያታችሁ ወታደር ከነበሩ የፈረስ ስማቸውን ጠይቁ፤ አፄ ምኒልክን አባ ዳኘው እንደሚሉት፣ በመንደር ውስጥም ሰውየው በአባ ምናምን ብቻ ሲታወስ ኖሮ የመዝገብ ስሙን ልጁም የማያውቅበት አለ። አንድ ሰው ሦስት ስም ይኖረዋል፣ እናንተ ደግሞ ሦስት ሰው ነው ብላችሁ ትቆጥራላችሁ።

ርስት የነበረበት አገር ከሆነ የናንተ ዘር፣ የድሮ የርስት ሙግት ፋይል ካገኛችሁ ወርቅ አገኛችሁ። ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ ይመለሳል ይባል የለ? ለመመለስ ደግሞ ከአቅኚው አባት ጀምሮ ቆጥሮ መውረድ ግድ ነበር። ልብ በሉ፣ በጎጃምም በጎንደርም ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠር ነበር፤ ስለዚህ በሙግቱ ውስጥ የሴቶቹ ስም አለ። በየካቲት 1967 አዋጁ መሬቱን የሕዝብ ሲያደርገው መቁጠር የሚያበላ ነገር አልሆነም። ቆጣሪዎቹም አንድ በአንድ አለፉ። ሴቶቹም ከሐረጉ ወጡ፤ ዛሬ ስም ሲጠየቅ የአባት፣ የአያት፣ በቃ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ዘር ቆጠራ ሲነሳ ሁሉም ሰው የራስ እገሌ፣ የደጃዝማች እገሌ ዘር ነው። ገበሬው፣ ሸማኔው፣ ባሪያው የት ገቡ? ሰባት ቤት ብትቆጥሩ ሰባተኛው ላይ ብቻ 128 ሰው አለ። በአባት በአባት ስትቆጥሩ ከ128ቱ አንዱን ብቻ ነው የያዛችሁት። ያንን አንዱን ደጃዝማች መርጦ መቶ ሃያ ሰባቱን መርሳት ለኔ ዘር መቁጠር አይደለም። ሽማግሌ ድንገት ዝም ካሉባችሁ፣ ወይም «እሱን ተዪው ልጄ» ካሏችሁ፣ አታፋጥጡ፤ ግን እዚያ ጋ ምልክት አድርጉ። ዝም የሚባለው ብዙ ጊዜ በባርነት የመጣ ሰው፣ ለጣሊያን ያደረ ሰው፣ ወይም ሳይጋቡ የተወለደ ልጅ ላይ ነው።

ውጭ ላላችሁት ሁለት ነገር ብቻ። ዘመኑን ስትቀይሩ አንዴ ብቻ ቀይሩ። እናታችሁ «በ28 ነው» ካለች በኛ 1928 ነው፣ ጣሊያን የገባበት፤ አንዱ ዘመድ ቀድሞ ቀይሮት ከሆነና እናንተ እንደገና ሰባት ስምንት ብትደምሩበት፣ አያታችሁን ሰባት ስምንት ዓመት አዘግይታችሁ ታስወልዳላችሁ። ሌላው ስም ነው። በፈረንጅ አገር የአባት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ይቀራል። አንዱ ወንድም በአባቱ፣ ሌላው በአያቱ ስም ከተመዘገበ፣ ልጆቻቸው በወረቀት የማይዛመዱ ሰዎች ናቸው። ፈረንጁ ያንን እንዴት ይወቀው? ጃንዩወሪ 1 የሚል የልደት ቀን ካያችሁ ደግሞ አትመኑት፤ ብዙ ጊዜ ቀኑ ላልታወቀ ሰው የሚሞላ ነው። የዘረመል ምርመራም ያደረጋችሁ አላችሁ፤ ዘመድ አለህ ይላችኋል፣ ስሙንና መንደሩን ግን እንደገና አክስት ነው የሚጠየቀው።

ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደታችም ቁጠሩ። እኔ ዘንግቼው የነበረው ይኼ ነው። አያቴ ሲሞት የአባቴ እናት ምን ሆነች? አክስቴን ጠየቅኋት። «ልጅ ናት እኮ፣ ወደ ምንጃር ዳሯት» አለችኝ። ከዚያስ? ወልዳለች ይባላል። እንግዲህ ምንጃር ውስጥ የአባቴ ወንድሞችና እህቶች ነበሩ ማለት ነው፣ የእነሱም ልጆች፣ የእነሱም የልጅ ልጆች፣ ምናልባት ከናንተ አንዱ። ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። የያዝኩት የአንዲት ሴት ስም ብቻ ነው፣ የአባቷንም ስም አላውቅም፣ እና በዚያ ዕድሜ እንደሷ የሚጠሩ ሴቶች በየመንደሩ ነበሩ። በሁለተኛው ጉዞ አንድ ሽማግሌ ቡና አስፈልተው ካዳመጡኝ በኋላ «ከቡልጋ የመጣች፣ ኅዳር ኅዳር ዝክር የማታስታጉል አንዲት ሴትዮ እናቴ ታወሳ ነበር» አሉኝ። የማን ሚስት እንደነበረች አላስታወሱም።

ለልጅ ልጄ ዓርብ የላክሁላት ወረቀት ላይ ከአባቴ እናት ስም ቀጥሎ ያለው ቦታ አሁንም ባዶ ነው። አጠገቡ «ምንጃር፤ ዝክር ታዘክር ነበር፤ ከሽማግሌ የተሰማ፣ የስሚ ስሚ» ብዬ ጽፌበታለሁ።