ግሩፕ ቲዎሪን ይዛችሁ ወደ ምስጠራ ለመጣችሁ

ልጆች፣ ከአልጀብራ ወደ ምስጠራ ስትሻገሩ ብዙዎቻችሁ የምታመጡልኝ ሐሳብ አንድ ነው፤ «ማንም የማይፈታው ችግር አለን፤ ለምን ቁልፍ አናደርገውም?» ሐሳቡ አይናቅም። ዛሬ የምንገለገልባቸው አርኤስኤና ኤሊፕቲክ ከርቭ የተባሉት የምስጠራ ዘዴዎች፣ የሒሳብ ሊቁ ሾር በ1994 (እ.ኤ.አ.) ባሳየው ስልት በበቂ ትልቅ ኳንተም ኮምፒውተር ይሰበራሉና ሌላ መሠረት መፈለግ ተገቢ ነው። የሒሳብ ሊቁ ኖቪኮቭም በ1955 አንድ የምልክቶች ድርድር ከአይደንቲቲ (ሲባዛ ምንም ከማይለውጠው አባል) ጋር እኩል ይሁን አይሁን የሚለይ አልጎሪዝም የሌላቸው ግሩፖች (አባሎቻቸው እርስ በርስ የሚባዙና እያንዳንዱም ተገላቢጦሽ ያለው ስብስቦች) እንዳሉ አረጋግጧል።

ግን ልብ በሉ። «አይፈታም» ማለት ለሁሉም ጥያቄ የሚሆን አንድ ዘዴ የለም ማለት ነው። አጥቂው ሁሉንም መፍታት አይጠበቅበትም፤ የእናንተ ቁልፍ ይበቃዋል። ያ ቁልፍ ደግሞ በዘፈቀደ የተመረጠ ነው፤ በዘፈቀደ የተመረጠው ብዙ ጊዜ ከቀላሎቹ ወገን ይወድቃል።

ብሬድ ግሩፕን ውሰዱ። እንደ ሹሩባ የሚጎነጎኑ ክሮች ናቸው፤ ማባዛት ማለት አንዱን ጉንጉን ከሌላው ሥር መቀጠል ነው። አንሸል፣ አንሸልና ጎልድፌልድ በ1999፣ የኮሪያ ተመራማሪዎች በ2000 ምስጢሩን እዚህ ደበቁት። ቁልፉ ራሱ ጉንጉን ነው፤ በይፋ ከሚታወቀው ጉንጉን በፊት የቁልፉ ኢንቨርስ (እሱን መልሶ የሚፈታው ጉንጉን)፣ ከኋላው ቁልፉ ራሱ ይቀጠልና ውጤቱ ለሁሉም ይወጣል። አጥቂዎቹ ታዲያ ምን አደረጉ? ርዝመት፣ ማለትም ክሮቹ ስንት ጊዜ እንደሚሻገሩ ለኩ! ትክክለኛዋን መሻገሪያ ሲያነሱ ጉንጉኑ ማጠር ያበዛል፣ የተሳሳተችውን ሲያነሱ መርዘም። እንዲህ እያሉ ቁልፉን ከጫፉ ይፈቱታል። በ2003 ደግሞ ቼዎንና ጁን ጉንጉኑን ወደ ማትሪክስ (የቁጥሮች ሠንጠረዥ) ቀይረው የኮሪያውያኑ ስልት የቆመበትን ችግር በፖሊኖሚያል ጊዜ፣ ማለትም ቁልፉ ሲያድግ ሥራው ከልክ በላይ በማይፈነዳበት መንገድ ፈቱት።

ስለዚህ ግሩፓችሁ በማትሪክስ የሚወከል ከሆነ መጀመሪያ የምትፈሩት የማትሪክስ ሒሳብ የሆነውን ሊኒየር አልጀብራን ይሁን። ለአነስተኛ መሣሪያዎች የታሰበው፣ በብሬድ ግሩፕ ላይ የቆመው አልጀብሬይክ ኢሬዘር የተባለው የቁልፍ መለዋወጫም አልተረፈም፤ ቤን-ዝቪ፣ ብላክበርንና ጻባን ባለ128 ቢት ጥበቃ (ለመስበር 2^128 ያህል እርምጃ ይጠይቃል) የተባለውን ከ8 ሰዓት ባነሰ የኮምፒውተር ሥራና ከ64 ሜጋባይት ባነሰ ሜሞሪ ሰበሩት። የእጅ ስልካችሁ ከዚያ እጅግ የበለጠ ሜሞሪ አለው።

ሴጅማት የተባለው የሒሳብ ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል፤ ብሬድ ግሩፕም አብሮት አለ። አምስት ክር ወስዳችሁ ቁልፍ ፍጠሩና ርዝመት እየለካችሁ ፍቱት። ከዚያ ክሩንም ቁልፉንም እያበዛችሁ የት ላይ እንደሚያቅታችሁ መዝግቡ። አዲስ ስልት ይዛችሁልኝ ከመምጣታችሁ በፊት ማየት የምፈልገው ያንን ማስታወሻ ነው።