የ14 ዓመት ሯጭ ልጅሽን ምግብ አትቀንሺባት

እህቴ፣ «ልጄ 14 ዓመቷ ነው፣ 3000 ሜትር ትሮጣለች፤ አሰልጣኟ 3 ኪሎ ትቀንስ ስላለኝ ዳቦና ወተት ላስቁማት ወይ?» ያልሽውን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። በፍጹም አታስቁሚያት። እኔም በ15 ዓመቴ ይህንኑ ተብዬ ሰምቻለሁ፤ ዕዳውን የከፈለው ቅልጥሜ ነው።

1. ወተቱ ይቀጥል። ከ9 እስከ 18 ዓመት ላለ ልጅ በቀን 1300 ሚሊግራም ካልሲየም ይመከራል፤ ለአዋቂ ከሚመከረው ይበልጣል። የአዋቂ አጥንት ሩብ ያህሉ የሚገነባው ልጅ በሚመዘዝባቸው ሁለት ዓመታት አካባቢ ነው። ልጅሽም አጥንቷ ገና በሚገነባበት ዕድሜ ላይ ናት።

2. የወር አበባዋን ጠይቂያት። እስከ 15 ዓመቷ ካልመጣ፣ ወይም መጥቶ ሦስት ወር ከቀረ ሐኪም ይያት። እኔ ሰባት ወር ቀርቶብኝ «የጠንካራ ሯጭ ምልክት ነው» ሲሉኝ ኮርቼ ነበር። ለካ ሰውነቴ የሚበላው ሲያጣ ኤስትሮጅኑን (አጥንትንም የሚጠብቀውን የሴት ሆርሞን) ቀንሶ፣ አጥንቴም አብሮ እየሳሳ ኖሯል።

3. ደሟ ሲመረመር ፌሪቲንም (የሰውነትን የብረት ክምችት የሚያሳየው) ይታይ። እኔ ሄሞግሎቢን (ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል) ብቻ ታይቶልኝ «ደምሽ ሙሉ ነው» ተባልኩ፤ ደረጃ ስወጣ ግን ጉልበቴ ይከዳኝ ነበር። ቆይቶ ፌሪቲን ሲታይ የብረት ክምችቴ ተሟጧል። ሳትመረመር ግን የብረት እንክብል አትስጫት።

4. ሚዛን። ቅዳሜ ቅዳሜ በቡድኑ ፊት እንመዘን ነበር። አርብ ማታ እራት አልበላም፣ ውሃም አልጠጣም። መጀመሪያ ሰዓቴ ተሻሻለ፤ ያታለለኝም እሱ ነው። ሦስተኛው ወር ላይ ቅልጥሜ ላይ በአውራ ጣት የምትሸፈን ቦታ ማመም ጀመረች፤ ሌሊት ተኝቼ ሁሉ ትጠዘጥዘኛለች። ራጅ ተነሳሁ፣ ምንም አልታየም። ባለሙያው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ልምምድ ሸሽተሽ ነው» አለኝ። አዲስ የአጥንት ስንጥቅ በራጅ ላይታይ እንደሚችል ማን ይንገረኝ? ሦስት ሳምንት ሮጥኩበት። ኤምአርአይ የሚባለው ምርመራ ስንጥቁን ሲያሳየው አምስት ወር ተኛሁ።

ይህ የእኔ ብቻ ታሪክ አይደለም። አሜሪካዊቷ ሜሪ ኬን እ.ኤ.አ. በ2013፣ በ17 ዓመቷ፣ በዓለም ሻምፒዮና የ1500 ሜትር ፍጻሜ ሮጣለች። በ2019 በአደባባይ እንደተናገረችው፣ ክብደት ቀንሺ እየተባለች ሦስት ዓመት የወር አበባዋ ቀርቷል፣ አምስት አጥንቷ ተሰብሯል።

ካገገምኩ በኋላ በደንብ እየበላሁ አምስት ኪሎ ጨመርኩ። በ19 ዓመቴ 5000 ሜትርን በሕይወቴ ምርጥ ሰዓት የጨረስኩት በዚያ ክብደት ነው፤ ዛሬም ሳወራው ደረቴ ይነፋል።

ስለዚህ ጠዋት ባዶ ሆዷን አትሩጥ፤ ከልምምድ ስትመለስ ምግቧ ቀርቦ ይጠብቃት። አሰልጣኙንም አንቺው ሄደሽ አናግሪው እንጂ እሷን አትላኪ። እኔ «ራስሽ ንገሪው» ተብዬ ሄጄ፣ በጓደኞቼ ፊት አልቅሼ እንደገና ሚዛኑ ላይ ወጣሁ።