ማን አይቶ ጻፈው?

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት በቤተ መጻሕፍት ሥራ ነው። የጥናት ጽሑፍ አምጡ የተባለ ተማሪ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይለኛል፦ «አሥር ዌብሳይት አይቻለሁ፣ ሁሉም የሚሉት አንድ ነው።» እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። አሥሩም ከአንዱ ገልብጠው ከሆነ በእጃችሁ ያለው ምንጭ አንድ ብቻ ነው።

ታላቁን የቻይና ግንብ እንውሰድ። ከጠፈር በዓይን ይታያል ሲባል ያልሰማ የለም። ወሬው ግን የመጀመሪያው ጠፈርተኛ ዩሪ ጋጋሪን እ.ኤ.አ. በ1961 ወደ ጠፈር ከመውጣቱ በፊት ታትሞ ይነበብ ነበር። ታዲያ ማን አይቶ ነው የጻፈው? እ.ኤ.አ. በ2003 ቻይናዊው ጠፈርተኛ ያንግ ሊዌ ምድርን ዞሮ ሲመለስ ተጠየቀ። አላየሁትም አለ።

እና ወደ መጀመሪያው ሰው ሂዱ። የሕዝብ ቁጥር ከሆነ የቆጠረውን መሥሪያ ቤት፣ ሙከራ ከሆነ የሠራውን ተመራማሪ ፈልጉ። ዊኪፔዲያን አትንኩ የሚሉ መምህራን አሉ። እኔ አልከለክልም። ግን ጽሑፉን አንብባችሁ አትቁሙ፤ ወደ ታች ውረዱና ማጣቀሻዎቹን ክፈቱ። የተባለው ነገር እዚያ ከሌለ ተዉት።

«በጥናት ተረጋግጧል» የሚለው ቃልም አያስደንግጣችሁ። ኤምኤምአር የተባለውን የሕፃናት ክትባት ከኦቲዝም ጋር ያገናኘው የአንድሩ ዌክፊልድ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ላንሴት በተባለው ስመ ጥር የሕክምና መጽሔት ላይ ነው። የተመለከተውም 12 ልጆችን ብቻ ነበር። መጽሔቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ሰረዘው። እስከ ዛሬ ግን እሱን እየጠቀሰ የሚከራከር አይጠፋም። ስለዚህ ጽሑፉን ስታገኙ በኋላ ምን እንደተባለበትም እዩ። ይህችን ብዙዎች ይዘሏታል።

ቻትጂፒቲ የተባለው ለጥያቄ መልስ የሚጽፍ የኮምፒውተር ፕሮግራም ደግሞ የሌለ መጽሐፍ ከነደራሲው ፈጥሮ ይሰጣችኋል፤ ያውም በሙሉ ልብ። እ.ኤ.አ. በ2023 ኒውዮርክ ውስጥ ጠበቆች ከእሱ ያገኟቸውን የሌሉ የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ለዳኛ አቅርበው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። የሰጣችሁን ርዕስ ራሳችሁ ፈልጉ፤ ካጣችሁት አትጥቀሱት።

አንድ ነገር ልጨምር። እያነበባችሁ ሳለ ደራሲውን፣ ርዕሱን፣ ዓመቱንና ገጹን እዚያው ጻፉ። ሊንክ ከሆነ ያያችሁበትን ቀን ጨምሩ። ማስረከቢያው ነገ ሆኖ ሌሊቱን ሙሉ «የት ነበር ያየሁት?» እያሉ መፈለግ አለ፤ ለማንም አልመኘውም።