ብዝኃ ብልኅነት ክፍል ውስጥ ሲገባ፦ ከጅማ መምህራን ጋር የተደረገ ጥያቄና መልስ

«ብዝኃ ብልኅነት የሚባለውን በሥልጠና ሰማነው፤ ክፍል ገብተን ግን ምን እናድርግበት?» የሚለው ጥያቄ ከባልደረቦቼ ደጋግሞ ስለመጣልኝ ያላችሁን ሁሉ እንድትጠይቁ በሩን ከፍቻለሁ። የማስተምረው የትምህርት ሥነ ልቦና ነው። የሰው ብልኅነት አንድ ሳይሆን ብዙ ዓይነት ነው ለሚለው ለዚህ ንድፈ ሐሳብ ወዳጅ ነኝ፤ አማኙ ግን አይደለሁም፤ መልሶቼን ስታነቡ ይህን አትርሱ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብልኅነቶቹ ሰባት ናቸው ወይስ ስምንት? ዘጠኝ የሚልም ሰው አጋጥሞኛል። (የ4ኛ ክፍል መምህርት፣ ሂርማታ)

ሦስቱም ቁጥሮች መነሻ አላቸው። የሃርቫርዱ የሥነ ልቦና ሊቅ ሃዋርድ ጋርድነር በ1983 ሰባት ዘረዘረ፤ የቋንቋ፣ የአመክንዮና የሂሳብ፣ የቦታና የምስል፣ የሙዚቃ፣ የአካል እንቅስቃሴ፣ ሌላውን ሰው የመረዳት እና ራስን የመረዳት። በ1990ዎቹ አጋማሽ ዕፅዋትን፣ እንስሳትንና የተፈጥሮን መልክ ለይቶ የማወቅ ችሎታን ስምንተኛ አድርጎ ጨመረ። ስለ ሕይወትና ሞት ትልልቅ ጥያቄ የማንሳት ችሎታ ዘጠነኛ ይሁን አይሁን ግን አልቆረጠም፤ አንድ ጊዜ እንዲያውም «ስምንት ተኩል» ብሎ ቀልዷል።

ከቁጥሩ ይልቅ የተነሣበት ክርክር ይጠቅማል። ቻርልስ ስፒርማን በ1904 በልዩ ልዩ ፈተናዎች ላይ የሚታየው ውጤት አብሮ እንደሚወጣና አብሮ እንደሚወርድ አይቶ፣ ከሁሉም ሥር አንድ አጠቃላይ የማሰብ ችሎታ አለ ብሎ ነበር። ጋርድነር ግን አንጎላቸው የተጎዳ ሰዎችን አጥንቷል። አንጎሉ ተጎድቶ መናገር የተሳነው ሰው የሚያውቀውን ዜማ ከነቃሉ ሊዘፍን ይችላል። አንዱ ጠፍቶ ሌላው የሚተርፍ ከሆነ ሁለቱ የተለያዩ መሆን አለባቸው፤ የመከራከሪያው አንዱ ምሰሶ ይህ ነው።

በሳይንስ የተረጋገጠ ነው? (የሂሳብ መምህር፣ 2ኛ ደረጃ)

አይደለም። በ2006 የካናዳ ተመራማሪዎች ስምንቱን ብልኅነቶች በየራሳቸው ፈተና ለክተው፣ የቋንቋው፣ የአመክንዮው፣ የምስሉና የተፈጥሮው ውጤት እርስ በርሱ በጥብቅ የተያያዘ መሆኑን አግኝተዋል፤ ከዚህ ራቅ ብለው የተገኙት በተለይ የሙዚቃውና የአካል እንቅስቃሴው ናቸው። ይህ ከጋርድነር ይልቅ ለስፒርማን ይመቻል።

ሌላም የሚቀላቀል ነገር አለ። «ይህ ልጅ በማየት ነው የሚማር፣ ያኛው በመስማት» የሚለው የመማር ስልት አስተሳሰብ የጋርድነር አይደለም፤ እርሱም ሁለቱ እንዳይምታቱ በጽሑፍ አሳስቧል። ልጁን በሚወደው ስልት ብቻ ማስተማር የተሻለ ውጤት ያመጣል ለማለት በቂ ማስረጃ እንደሌለ በ2008 የታተመ ሰፊ ግምገማ አሳይቷል። እንግዲህ «አንተ የሥዕል ልጅ ነህ» ብላችሁ ከጽሑፍ አታርቁት። አንድን ነገር ለሁሉም ተማሪ በሁለትና በሦስት መንገድ ማቅረብ ግን ንድፈ ሐሳቡ ቢወድቅም የማይወድቅ ጥሩ ማስተማር ነው።

60 ተማሪ ይዤ ስምንት ዓይነት ትምህርት እንዴት አዘጋጃለሁ? (መምህር፣ ኮቺ)

አታዘጋጅ! ስምንቱን በአንድ ክፍለ ጊዜ ለማስገባት የሚሞክር የትምህርት ዕቅድ ሲገጥመኝ ራሴን ያመኛል። ሁለት ወይም ሦስት ይበቃሉ፤ የሚመረጡትም ይዘቱ ራሱ የሚጠራቸው ናቸው።

ንጥጥርንና መቶኛን እንውሰድ። እኛ የምንኖረው ቡና አገር ነው። ከ5 እስከ 6 ኪሎ የሚሆን ቀይ እሸት ቡና ተፈልፍሎና ደርቆ አንድ ኪሎ ያህል ንጹሕ ቡና ይወጣዋል። ክፍሉ ይህን በቁጥር ይሥራው። ከዚያ አንድ ቡድን መጠኑን በአሞሌ ግራፍ ያሳይ፤ ሌላው ቡና ከሚለቅም ወይም ከሚነግድ ዘመድ ጠይቆ በእሸትና በንጹሕ ቡና ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ከየት እንደሚመጣ ለክፍሉ ያስረዳ። የሂሳቡ ይዘት አልተለወጠም፤ ወደ እርሱ የሚገባበት መንገድ ግን ሦስት ሆነ። በሚቀጥለው ርዕስ ቡድኖቹ ሥራ ይለዋወጡ፤ ግራፍ የሳለው ልጅ በተራው ቆሞ ያስረዳ። ካልተለዋወጡ ዓመቱን ሙሉ አንዱ ሣይ፣ አንዱ ተናጋሪ፣ ሌላው ተመልካች ሆኖ ይቀራል።

ለጂኦሜትሪ ደግሞ ባለሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ አለላችሁ። አራት እግር ያለው ወንበር ባልተስተካከለ ወለል ላይ ሲነቃነቅ ይህ ለምን አይነቃነቅም? በአንድ መሥመር ላይ ያልሆኑ ሦስት ነጥቦች ምንጊዜም አንድ ጠለል (ዝርግ ገጽ) ብቻ ይወስናሉ፤ አራተኛው ነጥብ ከዚያ ጠለል ሊወጣ ይችላል። ልጆቹ መጀመሪያ በእጃቸው ይሞክሩት፤ ከዚያ ይሳሉት፤ በመጨረሻ በቃላት ይጻፉት። ቅደም ተከተሉን አደራ፤ ከጽሑፍ የጀመራችሁ እንደሆነ ግማሹ ክፍል ገና ሳይጀምር ያቆማል።

የማባዛት ሠንጠረዥን በዜማ ማስጠናት የሙዚቃ ብልኅነትን መጠቀም ነው?

ለማስታወስ ይረዳል፤ ተጠቀሙበት። የሙዚቃ ማሰብ ግን አይደለም። ጋርድነርም ልጆችን ወለል ላይ ማስዳህ ወይም ትምህርት እየተሰጠ ሙዚቃ መክፈት የእርሱ ሐሳብ ተግባር ተደርጎ ሲታይ ቅር ተሰኝቷል።

ምዘናውስ? አንዱ ሥዕል፣ ሌላው ድራማ፣ ሦስተኛው ጽሑፍ ቢያመጡ ማርኩን በምን አስተካክላለሁ? (የሳይንስ መምህርት)

ከመጡት ጥያቄዎች ሁሉ ከባዱ ይህ ነው። መጀመሪያ ዓላማውን ያንብቡ። «ተማሪው የቡና ተክልን ክፍሎችና ሥራቸውን ይገልጻል» የሚል ከሆነ በሥዕልም በቃልም በጽሑፍም መግለጽ ይቻላል። «ተማሪው አንድ አንቀጽ ይጽፋል» የሚል ከሆነ ግን ሥዕሉ የቱንም ያህል ቢያምር አንቀጽ አይሆንም።

ቀጥሎ ለሁሉም የሚያገለግል አንድ መስፈርት ያውጡ። ክፍሎቹን ለይቷል? የእያንዳንዱን ሥራ በትክክል ተናግሯል? ሥሩ ቢጎዳ ቅጠሉ ላይ ምን እንደሚደርስ ማስረዳት ችሏል? ማርኩ ከእነዚህ ሦስት ብቻ ይምጣ። ለሥዕሉ ውበት ወይም ለድራማው ሣቅ አንድም ነጥብ አይያዝ። በትልቅ ወረቀትና በባለቀለም እስክሪብቶ ተሠርቶ የመጣውን ከአሥር አሥር የምንሰጥ ከሆነ የለካነው የወላጅን ኪስ ነው። የቡድን ሥራ ሲሆን ደግሞ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ የቃል ጥያቄ ያቅርቡ፤ ማን እንደሠራና ማን እንዳስጻፈ ያኔ ይለያል።

ጅማ ላይ በተለያየ መንገድ መመዘን በጣም ያስፈልጋል። በአንድ ክፍል ውስጥ ቤቱ አፋን ኦሮሞ፣ አማርኛ፣ ዳውሮኛ ወይም ካፊኛ የሚናገር ልጅ ሊኖር ይችላል። የሳይንስ ፈተና ላይ ባዶ ወረቀት የመለሰ ልጅ ያጣው ሳይንሱን ነው ወይስ ቃሉን? በእጁ እያመለከተ ያስረዳዎት እንደሆነ መልሱን አገኙ። ተከታታይ ምዘና የሚባለው ነገር ለዚህ ካልጠቀመ በየሳምንቱ ከሚሰጥ ትንሽ ፈተና በምን ይሻላል? በቀን አምስት ልጆችን ብቻ መርጠው የሠሩትን በደብተር ላይ በአንድ በአንድ መሥመር ይመዝግቡ፤ 60ው በ12 የትምህርት ቀን ይዳረሳል።

የልጆቹን ብልኅነት የሚለይ መጠይቅ ከኢንተርኔት አግኝቻለሁ። ላስሞላቸው? (የኮሌጅ ሠልጣኝ)

ተወው። «ሙዚቃ ትወዳለህ?» የሚል ጥያቄ የሚለካው ፍላጎትን ነው፤ ችሎታ ሌላ ነው። ጋርድነርና ባልደረቦቹ ስፔክትረም በተሰኘው ፕሮጀክታቸው ለሕፃናት የሥጋ መፍጫ አቅርበው እንዴት እንደሚፈቱትና መልሰው እንደሚገጥሙት ይመለከቱ ነበር። አንተም የተበላሸ የእጅ ባትሪ ስጥና ተመልከት።

የገጠር ልጆች በተፈጥሮ፣ የነጋዴ ልጆች ደግሞ በሂሳብ ይበልጣሉ ቢባል ስሕተት ነው?

ስሕተት ብቻ ሳይሆን አደገኛም ነው። በ1990ዎቹ አውስትራሊያ ውስጥ አንድ የትምህርት ፕሮግራም ብሔረሰቦችን ዘርዝሮ እያንዳንዱ የትኛው ብልኅነት እንዳለውና እንደሚጎድለው ጽፎ ነበር። ጋርድነር በቴሌቪዥን ቀርቦ አወገዘው። ልምድ ልዩነት ይፈጥራል፤ ከብት የጠበቀ ልጅ ስለ ሣር ብዙ ያውቃል። ይህ የትምህርት መነሻ ይሁን እንጂ የልጁ ጣሪያ አይሁን።

ልጄ ከክፍሉ መጨረሻ አካባቢ ነው የሚወጣ፤ እጁ ግን የነካውን ሁሉ ይሠራል። ሌላ ብልኅነት አለው ብዬ ልጽናና? (ወላጅ እናት)

እናቴ፣ አስቀድመው ዓይኑንና ጆሮውን ያስመርምሩለት። ሰሌዳው የማይታየው ልጅ ሰነፍ ይባላል፤ አሁን ደግሞ «የእጅ ብልኅነት ያለው» ብለን በመልካም ስም ልንተወው ነው። ምርመራው ደኅና ከሆነ መምህሩን ይጠይቁ፤ የሚቸገረው በማንበብ ነው ወይስ በመረዳት? ማንበብ ከሆነ ዛሬውኑ ይጀመርለት። በእጁ የሚሠራውንም አይከልክሉት፤ ስለ ሠራው ነገር እንዲያወራና እንዲጽፍ ግን ያድርጉት።

ይህ ሁሉ ደክመን አገር አቀፉ ፈተና ምርጫ ብቻ ከሆነ ምን ዋጋ አለው? (መምህር፣ 12ኛ ክፍል)

ምርጫ ላይ በትክክል ማጥቆርም ይዘቱን ማወቅ ይጠይቃል፤ በብዙ መንገድ ያየውን ነገር ጥያቄው መልኩን ቀይሮ ሲመጣበት አይደናገርም። ያም ሆኖ ድራማ ሲሠራ ከርሞ የምርጫ ጥያቄን በሰዓት ገደብ ያልተለማመደ ተማሪ ይጎዳል። ስለዚህ ርዕሱ በተለያየ መንገድ ይከፈት፤ ሲዘጋ ግን የፈተናውን ቢጋር (የጥያቄዎቹን አደላደል የሚያሳየውን ዕቅድ) ጠብቀው በተዘጋጁ ጥያቄዎች ይዘጋ። የተሳሳተ አማራጭ የመረጠ ተማሪም ለምን እንደመረጠው ለጎረቤቱ ያስረዳ፤ ብዙ ጊዜ ስሕተቱን የሚይዘው ራሱ ሲናገር ነው።